ሳትሰናበተን የሄደችው ዜና አንባቢ

ዛሬ በደል ደርሶብኛል። ሃያ ዓመት ዜና ያነበበችልኝን ሴትዮ ጣቢያው "ደህና ሁኑ" እንድትል እንኳ ሳይፈቅድላት በሌላ ተካት።

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ አማርኛዬን ያቃናችልኝ ግን እሷ ናት። በቀኑ ዜና "እንደምን ዋላችሁ" ስትል፣ እኔም እዚህ ኮልፌ ከወንበሬ ተነስቼ "እግዚአብሔር ይመስገን" ሳልላት ውዬ አላውቅም።

ዛሬም እንደ ልማዴ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ ብቅ ብሎ "እንዴት ናችሁ?" አለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ የእግዜር ሰላምታ ይከለከላል እንዴ?" አለችኝና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞራ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ" ብላ መለሰችለት። በገዛ ቤቴ ተከዳሁ።

እናንተስ ሳትሰናበቱት የሄደባችሁ ዜና አንባቢ አለ? ጻፉ፣ አነባለሁ። እኔ ግን ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አልናገርም።