ሞሎጋዲ ማለት

ሞሎጋዲ ንካዲሜንግ የገዛ ስሟን ትርጉም በሬዲዮ ስትሰማ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሊምፖፖ ውስጥ፣ ሴሼጎ ከተማ፣ ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ቀሚስ እየሰፋች ነው። ሬዲዮው ከጆሃንስበርግ ሀውስ ስለሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ አመጣጥ ያወራል።

«ያ በዝግታ የሚመታው ሀውስ ከእናንተ ከሊምፖፖ ነው የመጣው ይባላል» አለ ጋዜጠኛው። «የመጀመሪያው ካሴት ውስጥ ‹ሞሎጋዲ!› የሚል ጩኸት አለ። ሰዉ ዛሬም ሲጨፍር ይለዋል። ለመሆኑ ምን ማለት ነው?»

እንግዳው ትንሽ ተንተባተበ። «እ... ሞሎጋዲ ማለት... በእኛ ቋንቋ ‹ቀስ በል› ማለት ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ድምፁን አውቃዋለች፤ ሌሴቻ ነው፣ የድሮው ባለታክሲ።

«ቀስ በል?» አለች ብቻዋን። «አባቴ በእህቱ ስም የጠራኝ ቀስ በል ለማለት ነው?»

ነገሩ የተጀመረው ማንዴላ ከእስር በወጣ በዓመቱ ነው። አጎቷ ጆሃንስበርግ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ወለል ይጠርግ ነበርና ከቺካጎ የመጡ፣ ጫፋቸው የተሸራረፈ ሸክላዎች በካርቶን ሞልቶ አመጣላት። ሞሎጋዲ ያን ጊዜ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ እየፈታች የምትጠግን ሴት ነበረች። የእናቷ ማኅበርተኞች እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ሲሰበሰቡ ሸክላዎቹን ታጫውትላቸው ጀመር። ሴቶቹ ሙዚቃውን ወደዱት፤ ፍጥነቱን ግን አልቻሉትም።

«ኧረ ይሄን ሰውዬ ምን አባረረው?» ይሉ ነበር። «ልጄ፣ እኛ እኮ ባለ ጉልበት ሕመም ነን!»

እሷም የፍጥነት መቀነሻውን እስከ መጨረሻው ጎተተችው። ከበሮው እንደ ጠገበ ሰው መራመድ ያዘ። ሴቶቹ በላዩ ላይ የራሳቸውን ጭብጨባ ጨመሩበት፤ የአገራቸውን፣ አንዷ ስታነሳ ሌላዋ የምትጥለውን። ያ ነው እንግዲህ በኋላ የተማሩ ሰዎች ረጅም ጽሑፍ የጻፉበት ነገር። ከአምስት ስድስት ሴቶች ጉልበት የመጣ መሆኑን የጻፈ ግን እስካሁን አላየሁም።

አንድ እሁድ ማይክሮፎን ግቢው መሃል ሰቅላ ጭፈራውን በካሴት ቀዳችው። መሃል ላይ እናቷ ጮኸች፦ «ሞሎጋዲ! ቀንሺው እንጂ፣ ጉልበቴ!» ሞሎጋዲ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ስለነበር አልሰማችም፤ መልስም አልሰጠች። ማታ ካሴቱን ስታዳምጥ ጩኸቱን አገኘችው። እንደገና እንዳትቀዳ ሌላ ባዶ ካሴት አልነበራትም። ተወችው።

ከዚያ ካሴቱ ላይ ስም መጻፍ መጣ። የሠራችው ስህተት ቢኖር ይህ አንዱ ነው። በእኛ ዘንድ ሰውን ስታከብር በስሙ አትጠራውም፣ በወገኑ መለያ እንስሳ ነው የምትጠራው። የእሷ ወገን ጃርት ነው፣ በቋንቋችን ኖኮ። ሴት ልጅ የገዛ ስሟን ካሴት ላይ መለጠፏ ጉራ መሰላትና «ኖኮ፣ ሴሼጎ» ብላ ጻፈች። የትኛዋ ኖኮ እንደሆነች ማን ይጠፋዋል? ሴሼጎ ውስጥ ማንም አልጠፋውም። ችግሩ ካሴቱ ሴሼጎ አለመቅረቱ ነው።

ሌሴቻ በሚኒባሱ ጆሃንስበርግ ይመላለስ ነበርና ቅጂውን መንገዱን ሙሉ ያጫውተዋል። መናኸሪያው ላይ ሰዎች ከበቡት። «የማን ነው ይሄ?» ሲሉት «የኖኮ» አለ። «አንተ ነህ ኖኮ?» አሉት። እሱም ወገኑ ጃርት ነው። «አዎ፣ ኖኮ ነኝ» አለ። ቃሉ ውሸት አልነበረበትም፤ ውሸቱ የመጣው ዝም ሲል ነው።

ጆሃንስበርግ የሚባለው ከተማ ደግሞ ደጁ የደረሰውን ሁሉ እኔ ወለድኩት ማለት ይወዳል። እኛን የሊምፖፖ ሰዎች ባላገር እያለ እየሳቀብን በካሴታችን ይጨፍራል። የሞሎጋዲን ማጫወቻ መብረቅ አቃጠለባት፣ እሷም ወደ ስፌቷ ዞረች። ሌሴቻ ዲጄ ኖኮ ሆኖ ሲጋበዝ ስትሰማ «ይብላበት» ብላ ታልፍ ነበር። እናቷ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

አሁን ግን ሬዲዮው ሌላም ነገር ተናገረ። የፊታችን ቅዳሜ ጆሃንስበርግ አደባባይ ላይ የሀውስ ጀማሪዎች ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ይተከላሉ። ሠላሳ ድንጋይ፤ ከሊምፖፖ አንድ ብቻ። እሱም የሌሴቻ።

ጎረቤቷና የእናቷ ማኅበርተኛ የነበረችው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኮኮ»፣ አያቴ፣ የሚላት ማፑቲ በከዘራዋ እየተመረኮዘች መጣች።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ሄጄ ምን ልበል፣ ኮኮ? እንደ ቲማቲም ሻጭ ስሜን እየጠራሁ ልዙር?»

«የእሱ ነገር ይቅር። የእናትሽን ጩኸት ግን ‹ቀስ በል› አደረገው እኮ! ልጇን ነበር የጠራችው!»

ሞሎጋዲ አንገቷን ደፋች። የቆረቆራትም ይኸው ነበር። ኖኮን ይውሰደው፤ ወገኑም ነው። ስሟ ድንጋይ ሥር እንደ ተራ ቃል ተቀብሮ መቅረቱ ግን አንገበገባት።

ቅዳሜ በጠዋት ሁለቱ ታክሲ ተሳፈሩ። አደባባዩ ሲደርሱ ሌሴቻ ኮፍያውን አሳምሮ ከመድረኩ ሥር ቆሟል። ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

«አውሲ... እህቴ፣ እኔ እኮ አልዋሸሁም። ኖኮ ነህ ወይ አሉኝ፣ ነኝ አልኩ።»

«እሺ። ‹ቀስ በል›ስ?»

«በቀጥታ እየተላለፈ ነበር፤ ደነገጥኩ።»

«የደነገጠ ሰው ስም ይቀይራል?» አለች ማፑቲ። «እኔ ስደነግጥ ሚስትህን ላም ልበላት?»

ሴቶቹ ከፊት ተቀመጡ፤ ሌሴቻ ድንጋዩ ላይ የተጣለውን ጨርቅ እንዲገልጥ ወደ መድረኩ ተጠራ። ወጣቱ አጫዋች ካሴቱን ለዘመኑ ጆሮ እንዲስማማ አፍጥኖ ለቀቀው። ከበሮው ተንደረደረ፣ ጭብጨባው ተርገበገበ። ከዚያ የእናቷ ድምፅ የቤት ቁመት ባላቸው ድምፅ ማጉያዎች ወጣ፦

«ሞሎጋዲ!»

ሕዝቡ እጁን አንስቶ አብሮ ጮኸ። «ሞሎጋዲ!»

ሞሎጋዲ ይህን ድምፅ በዚህ ጉልበት ሰምታው አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጠራት ሰው ጠራት። ሳታስበው ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አቤት!» አለች።

ጮክ ብላ ኖሮ ዙሪያዋን የነበሩት ዞር አሉ። አስተዋዋቂው ሙዚቃውን አስቁሞ «ምን ሆኑ እማማ?» አላት። ጥቂቶች ሳቁ። ሌሴቻ ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ ማይክሮፎኑን ከአስተዋዋቂው እጅ ወሰደ።

«ስሟ ነው» አለ። «ቃል አይደለም። የእሷ ስም ነው። የጠራቻት እናቷ ናት። ካሴቱን የሠራችው እሷ ናት፣ እኔ ሹፌር ነበርኩ።»

ጨርቁን ሳይገልጥ መልሶ ለቀቀው። ማፑቲ በከዘራዋ ጫፍ ገፋ አደረገቻትና ሞሎጋዲ መድረኩን ወጣች። ማይክሮፎኑን አልተቀበለችም። አጫዋቹ ጋ ሄዳ «ካሴቱን መልሰው፣ ልጄ» አለችው። የፍጥነት መቀነሻውን በጣቷ ፈልጋ አገኘችው፤ እስከ መጨረሻው ጎተተችው።

ከበሮው ተረጋጋ፣ ጭብጨባው ቦታውን ያዘ። «ሞሎጋዲ! ቀንሺው እንጂ፣ ጉልበቴ!» አለች እናቷ፣ በራሷ ትክክለኛ ድምፅ። በዚህ ጊዜ ከሕዝቡ ማንም አብሮ አልጮኸም።

«አቤት፣ እማ» አለች ሞሎጋዲ። «ቀንሼዋለሁ።»