አርማታው የት ገባ

ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ አይስቴ፣ ቁጥር የማይስት፣ በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውስ እሷው ብቻ ነበረች፤ እሷም አልፋለች። ግንበኛ ነው። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት እሱን ይዞ ይመጣል። አይስቴ ርዝመቱንና ወርዱን በእርምጃው ይለካል፣ የጣራውን ውፍረት በስንዝሩ ይይዛል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ባዶውን ቦታ በልቡ በሳጥን በሳጥን ይሞላዋል። ሳጥኑ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚያነሳው፣ አሸዋና ጠጠር የሚሰፈርበት የእንጨት ዕቃ ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ከጣራው ሥር ወደ ታች የሚንጠለጠሉትን ቢሞች ለብቻቸው ያስባቸዋል፤ "ላም በጀርባዋ ብቻ አትለካም፣ ጡትም አላት" ይላል። ለሚደፋውና ለሚንጠባጠበው ትንሽ ጣል አድርጎ የከረጢቱን ቁጥር ይናገራል። ማታ ሥራው ሲያልቅ የሚተርፈው አካፋ ላይ የተጣበቀው ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ለማንም የማይነግረው አንድ ፍርሃት ነበረው። አባቱ በስተርጅና ቁጥር ጠፋባቸው። መጀመሪያ የልጆቻቸውን ብዛት ሳቱ፤ ቆይተው የገዛ ቤታቸው ጠፍቷቸው የጎረቤት በር ሲደበድቡ ይገኙ ጀመር። ስለዚህ አይስቴ ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ የትናንቱን ስሌት እንደ ጸሎት ይደግመዋል። ልክ ሲመጣለት ነው እግሩ መሬት የሚነካው።

አንዲት ልጁ ከባሏ ጋር ሳሎን ልታሠራ ተነሳች፤ ጣራው ወደፊት ፎቅ እንዲሸከም በአርማታ የሚሞላ። ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። ለባዕድ እንደ ዋዛ የሚናገረው ቁጥር ለልጁ ቤት ሲሆን አልወጣለት አለ። ለካ፣ አሰላ፣ ተመልሶ ለካ። ምግብ ላይ እንኳ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሲቆጥር ሚስቱ እጁን መታ ታደርገው ነበር። በዚያ ሁሉ ቀን ዓይኑ ከጣራው ወርዶ አያውቅም።

በሙሌቱ ዋዜማ ልጁን ጠርቶ አርማታው የሚፈስበትን ጣውላ ውሃ እንድታጠጣው አዘዛት፤ ደረቅ እንጨት የአርማታውን ውሃ ይጠጣልና። የአባቷን ቃል መሬት የማትጥል ልጅ ናት። ቧንቧውን ከፍታ ጣውላው ጠግቦ እስኪተፋ አጠጣችው።

በማግስቱ የአርማታ ማደባለቂያው ሚክሰር ሲያጓራ ዋለ። ሠራተኛው በባልዲ እየተቀባበለ ጣራው ላይ ያፈስሳል፣ አይስቴ ላይ ቆሞ በመደላደያ ያስተካክላል። አንደኛው ጥግ ገና ባዶውን እያለ ታች የሚክሰሩ ሰውዬ የመጨረሻውን ከረጢት ቀደደ።

"ጋሽ አይስቴ፣ ዛሬስ ሳቱ" አለ ከታች እየሳቀ። "ሌላ ስም እናውጣልዎት እንዴ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። አማቹ ምንም አይደል፣ ጨምረን እናመጣለን ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። አይስቴ ግን ወሽመጡ ተቆረጠ። የአባቱ እጅ የሰው በር ሲደበድብ ታየው። መጣብኝ፣ አለ በልቡ፤ የፈሩት ይደርሳል።

ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አሰላ፤ ያው መጣ። ቢሞቹን ለብቻ አወጣ፤ ያው መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እፎይ በሚልበት ሰዓት ያኔ ላብ አጠመቀው። ጭንቅላቱ ደህና ከሆነ አርማታው የት ገባ? አርማታ እንደ ውሃ አይተንም። ጣራው ከልኩ በላይ ከዋጠ ሆዱ ወርዷል ማለት ነው፤ ላዩ ተደላድሎ ለጥ ብሎ ስለሚታይ ከላይ ሆኖ የሚያውቀው የለም።

"ከስር ማን አለ?" አለ።

"ማንም የለም" አለ አማቹ። "ልጅዎ ብቻ ናት፣ ፀሐይ በረታባትና ጥላ ብላ ገባች።"

አይስቴ አልጮኸም። ሰው ደንግጦ ቢሯሯጥ ጣራውን ለመጣል ኮቴው ብቻ ይበቃል። ሚክሰሩን አጥፉ፣ አንድ በአንድ፣ ሳትሮጡ ውረዱ አለ። ያ ቀልደኛ ፊቱን አየና የጀመረውን ቀልድ ዋጠው።

አይስቴ ወርዶ የሳሎኑ በር ላይ ደረሰ። ወለሉ አርማታ ያልለበሰ፣ በቅርቡ የተሞላ አፈር ነው። የጣራውን ጣውላ የተሸከሙት ቋሚዎች እንደ ደን ተጠጋግተው ቆመዋል፤ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ከመሃላቸው ልጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በነጠላ ጫማዋ ጭቃውን ትጫወትበታለች።

"አባዬ፣ እስካሁን ይንጠባጠባል እኮ" አለችው ደስ ብሏት። "በደንብ አጠጥቼልሃለሁ።"

ውሃው አፈሩን አልስልሶት ቋሚዎቹ እየሰመጡ መሆናቸው ያኔ ገባው።

"ጎበዝ። አሁን ቀስ ብለሽ ነይ። እንጨቱን እንዳትነኪ።"

ሆዷ በቋሚዎቹ መሃል አላሳልፍ አላት፤ በጎን ዞረች። አንዱ ቋሚ ሲጥጥ አለ። ቆመችና አግዳሚውን ላምጣው ወይ አለችው። ተይው ልጄ፣ አላት። እጁን ዘርግቶ፣ በሕፃንነቷ ድክ ድክ ስትል ያደርግ እንደነበረው ሁሉ፣ እየጠራ አወጣት። ጣቶቿን ይዞ ወደ ግቢው መራት።

ግቢውን ሳያጋምሱ የጣራው መሃል ወረደ። የፈነዳ ነገር የለም፤ እንጨት ተሰበረ፣ ከዚያ ከባድና እርጥብ ነገር ሲተኛ ብቻ ተሰማ። አግዳሚው አልታየም።

ልጅቱ ውሃውን እኔ ነኝ ያበዛሁት ብላ ስታለቅስ አባቷ አገጯን ይዞ ቀና አደረጋት።

"ውሃውን ያዘዝኩ እኔ" አላት። "ከቋሚው እግር ስር ጣውላ ማንጠፍ የረሳሁም እኔ። ላይ ላዩን ስቆጥር ታች አላየሁም።"

ሴት ልጅ ወለደች፣ በሰላም። ጣራውም ዳግመኛ ተሞላ፤ በዚያው በመጀመሪያው ቁጥር፣ የተረፈውም አካፋ ላይ የተጣበቀው ብቻ ነበር። የሚክሰሩ ሰውዬ፣ ለካ ጋሼ አልሳቱም ኖሯል፣ ብሎ ሊያስቀው ሞከረ፤ አልሳቀም።

ሰው ከዚያ በኋላም ለስሌት ይጠራው ነበር። እሱ ግን ሙሌት ሲጀመር ላይ መውጣቱን ተወ። በሩ ላይ ይቀመጣል፣ መዳፉን አንዱ ቋሚ ላይ አድርጎ፣ የሕመምተኛ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ምሳ ይቅረብልዎት ሲሉት በሌላው እጁ ዝም በሉ ይላቸዋል።