ግድብ አፍራሹ ባሌ

ባሌ ወንድይራድ የግድብ ኢንጂነር ነው። እኔ ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው፤ እሱ ግን ወሬ ለማስቀየር ይቸኩላል። ምክንያቱም አሜሪካ ከገባን ወዲህ አንድም ግድብ አልሠራም። እንጀራችን ማፍረስ ነው።

በወጣትነቱ አዋሽ ዳር የመስኖ ቦይና ግድብ ሲሠራ ነበር። አለቃው ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው ሙያውን ያስያዙት፤ ልክ እንደ አባት ያያቸዋል። እዚህ ስንመጣ ግን አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ፣ ከዚያም ኡበር ሲነዳ ዓመታት ነጎዱ። በዕረፍት ቀኑ ከላይብረሪ አይጠፋም። የኢንጂነርነት ላይሰንሱን ፈተና ያለፈ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርታማችንን በእልልታ አናወጥኩት፤ ጎረቤቶቻችን ደንግጠው በር አንኳኩ።

ቤልትስቪል ያለ አንድ ድርጅት ቀጠረው። ድርጅቱ ድሮ ለወፍጮ ተብለው የተሠሩ፣ ዛሬ ማንም የማይጠቀምባቸውን አሮጌ ግድቦች እያፈረሰ ለመራባት ወደ ላይ ለሚወጣው ዓሣ መንገድ ይከፍታል። ጋሽ ልሳነወርቅ ያን ጊዜ ከአገር ቤት መጥተው አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ወንድይራድ የግድብ ሥራ አገኘ ሲባል ሰሙና ቤተ ክርስቲያን ያገኙትን ሰው ሁሉ አቆሙ፤ «ልጄ ለአሜሪካ ግድብ ሊሠራላት ነው!»

ወንድይራድ አፈረ። ዕድሜያቸውን በግንባታ ለጨረሱ ሰው «አፈርሳለሁ» ብሎ መንገር አቃተው። በየበዓሉ «ግድቡ የት ደረሰ?» ይሉታል፤ «እየተሄደበት ነው፣ ጋሼ» ይላል። እኔ አንጀቴ እርር ይላል። የሚያኮራ ሥራውን እንደ ሌባ ደብቆ!

ዘንድሮ በጸደይ እሱ ራሱ የሚመራው የመጀመሪያው ግድብ የሚፈርስበት ቀን ደረሰ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ ለጋሽ ልሳነወርቅ ኮል አደረግኩላቸው።

«ወንድይራድ የሚሠራበት ቦታ ልውሰድዎት?»

ከረባታቸውን አስረው በር ላይ ጠበቁኝ። መኪና ውስጥ የግድቡን የምረቃ ንግግር ሲለማመዱ እኔ መሪዬን ጨብጬ ማርያም ማርያም እላለሁ።

ወንድይራድ ጋሼ ከመኪናው ሲወርዱ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጸዳለ፣ ምን አደረግሽ?»

«ራስህ ንገራቸው» አልኩት።

ቆቡን አወለቀ። «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ግድብ አልሠራም። አፍራሽ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሸሁዎት።»

ሽማግሌው ያረጀውን ግንብ አዩት፤ ከጎኑ የቆመውን ኤክስካቫተር አዩት። ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

«ከኋላው ያለው ደለልስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ውሃውን ሰሞኑን ቀስ እያልን ዝቅ አድርገነዋል። ደለሉ ባንዴ ወርዶ የታችኛውን ወንዝ እንዳይጎዳ አብዛኛውን አስወጥተናል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!»

ወንድይራድ ሮጠ። ሮጠ ስላችሁ፣ ሽበቱን የረሳ ሰው አሯሯጥ! እጁን ሲያነሳ ኤክስካቫተሩ ግንቡን ቦደሰው፤ ድንጋዩ ተናደና ውሃው እየተጋፋ ወጣ። እልልታዬን አቀለጥኩት። ሠራተኞቹ ዞረው ሳቁ፤ ይሳቁ! ጋሽ ልሳነወርቅ ክንዴን ይዘው ይጎትቱኛል። «ሄደ! እይው፣ ሄደ!» ይላሉ፤ ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ ተገልብጧል።

ወንድይራድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። አንገቱን ይዘው እስኪበቃቸው ሳሙት።

«አገር ቤት ያለው የመጀመሪያ ግድቤ በደለል ከሞላ ቆየ» አሉት። «ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ እየዘለለው የታች መንደር ይገባል። እንዲፈርስ ስንቱን ቢሮ ለመንኩ፤ ገንቢው ራሱ እንዴት ይፈርስ ይላል ብለው ሳቁብኝ። እዚህም ሆኜ ሐምሌ ሲገባ እንቅልፍ የለኝም። አንተ ለካ እዚሁ አጠገቤ ሆነህ ነው የምትደበቀኝ?»

የባሌ ዓይን እንባ ሞልቷል።

«በል አሁን እጅህን ታጠብ» አሉት፤ «የእኔን ግድብ ከየት በኩል ማፍረስ እንደምንጀምር ታሳየኛለህ።»