ማስታወቂያ የተባለው ምስጋና

ኢንተርኔት ገና ለንግድ ሳይከፈት፣ አሜሪካ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ማዕከል ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዌይን የኮምፒውተሮቹን ክፍል ከማሳየቱ በፊት አንድ ገጽ አስነበበኝ። ኔትወርኩ የሚያገለግለው ለትምህርትና ለምርምር ብቻ ነው፤ መሸጥ፣ መግዛትና የንግድ ማስታወቂያ መላክ ክልክል ነው ይላል። ያጠፋ ሰው አካውንቱ ይዘጋል። ይህቺን ከያዝክ ሌላውን እያደር ትለምደዋለህ አለኝ። ኮሌጁ ዳላስ አካባቢ ነው፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም።

ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ከማዕከሉ ሠራተኞች ሁሉ የመጨረሻው። የመጠባበቂያ ቴፕ እቀይራለሁ፣ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት አወጣለሁ፣ የይለፍ ቃላቸውን ለረሱ ፕሮፌሰሮች አዲስ እሰጣለሁ። አካውንት መክፈትና መዝጋትም የእኔ ሥራ ነበር፤ የሚያዘው ግን ዌይን ነው።

እናንተ ዛሬ አንድ ዜና ለማንበብ ስንት ማስታወቂያ የምትዘጉ ልጆች፣ ሕጉ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ወድጄው ነበር። ጥያቄ ስትጽፍ የማታውቀው ሰው ከሌላ ስቴት ይመልስልሃል፤ ምንም ሊሸጥልህ አይደለም፣ መልሱን ስለሚያውቅ ብቻ ነው።

ሰብለ የሲቪል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነበረች። ኤርፖርት ይሠራ የነበረው ወንድሟ በመኪና አደጋ ሞተባት። እዚያው አጠገብ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ የነበራቸው አቶ ግርማ አስከሬኑ አገር ቤት እስኪገባ ድረስ ከጎኗ አልተለዩም። የየመሥሪያ ቤቱን ወረቀት ሮጠው ያስጨረሱት እሳቸው ናቸው። ከቀብር ስትመለስ፣ በየስቴቱ ያለን ኢትዮጵያውያን በኢሜይል በምንገናኝበት ዝርዝር ላይ እንደ ወጉ ምስጋና ጻፈች። ያጽናኗትን ሁሉ አመሰገነች፤ የአቶ ግርማን ስም ከነሥራቸውና ከነስልካቸው ጠቀሰች። አማርኛውን የጻፈችው በላቲን ፊደል ነው፤ ያኔ ሌላ አልነበረንም።

በማግስቱ ዝርዝሩ ላይ ያለ አንድ ሰው፣ የኮሌጃችሁ ኮምፒውተር የጉዞ ወኪል ያስተዋውቃል ብሎ ለዌይን ጻፈ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያገሬ ልጅ መሆኑን ግን አማርኛ ማንበቡ ይነግረኛል። ዌይን ጠርቶ አስተረጎመኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። እኛ ዘንድ ከልቅሶ በኋላ በይፋ ማመስገን ወግ መሆኑን፣ ጋዜጣ ላይ እንኳ እንደሚወጣ አስረዳሁት።

«ስም አለው፣ ሥራው ተጽፏል፣ ስልክ አለው» አለኝ። «ማስታወቂያ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?»

ዝጋ አለኝ፤ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ሰብለ ጥቁር እንደለበሰች መጣች።

«ጋሽ መኮንን፣ አካውንቴን ክሎዝ አድርጋችሁታል እንዴ? ቲሲሴ እኮ እዚያ ውስጥ ነው። በዚህ ወር ሰብሚት ካላደረግኩ አልመረቅም።»

ምክንያቱን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ግራ ገባት።

«ስልካቸውን የጻፍኩት እንደኔ የሚቸገር ሰው ኮል እንዲያደርግላቸው ነው። ማለቴ፣ እንደዛ የሆኑልኝን ሰው ስማቸውን ጠርቼ ካላመሰገንኩ፣ እኔ ምን ሰው ነኝ?»

ዌይን ዘንድ ይዣት ገባሁ። አካውንቱ የሚከፈተው በአንድ ነገር ብቻ ነው አለ፤ እዚያው ዝርዝር ላይ፣ የጻፈችው የንግድ ማስታወቂያ እንደነበረ አምና ይቅርታ መጠየቅ አለባት። ስልኩ ይውጣ፣ መልእክቱም ይሰረዝ፣ ሐዘንተኛን ግን እንዲህ አታድርጋት ብዬ ለመንኩት። ሕጉ ሐዘንተኛ አይለይም አለኝ። ያን ቀን ጠላሁት፤ አሁንም አልወደውም።

የእሷ አካውንት ዝግ ስለነበረ እኔ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላ በእኔ አካውንት ጻፈች። «ስለ ወንድሜ ሞት የላክሁት ጽሑፍ የንግድ ማስታወቂያ ስለነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ከመላኳ በፊት አቶ ግርማ ያዩት ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። እሳቸው ኮምፒውተር እንኳ የላቸውም አልኳት። የሚነግራቸው ሰው እንደማይጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን።

አካውንቱን ከፍቼላት ገና ከወንበሩ ሳትነሳ አንድ መልስ መጣ፤ ለካ በልቅሶም ይነገዳል ይላል። አነበበችው። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። የመመረቂያ ጽሑፏን አስገብታ ተመረቀች። ዝርዝሩ ላይ ግን ዳግመኛ አልጻፈችም፤ አቶ ግርማንም ቤተ ክርስቲያን ስታያቸው በሌላ በር ትወጣ ነበር አሉ። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕጉ ላላ፤ ቀጥሎም ጭራሽ ቀረ። ዌይን ኮሌጁን ለቅቆ ፋርመርስ ብራንች በምትባል የዳላስ አጎራባች ከተማ ኩባንያ ከፈተ። ሥራው ላልጠየቀ ሰው ሁሉ ማስታወቂያ በኢሜይል መላክ ነው። ምሳ ጋብዞ አብሬው እንድሠራ ጠየቀኝ። የማውቃቸውን የኢሜይል አድራሻዎችም እንዳመጣለት፣ የኢትዮጵያውያኑን ዝርዝር ጭምር።

ስለ ሰብለ አነሳሁበት። ረስቷታል ብዬ ነበር፤ በደንብ ያስታውሳታል።

«ያኔ ሕጉ እንደዚያ ነበር» አለኝ። «አሁን ተለውጧል።»

«እንግዲያው እዚያው ዝርዝር ላይ፣ የልጅቷ ጽሑፍ ምስጋና ነበር ብለህ ጻፍ።»

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። አድራሻዎቹን አልሰጠሁትም፤ ከሌላ ሰው አገኛቸው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህ ሙያ ብዙ ሕግ ሲወጣና ሲሻር አይቻለሁ። ሕጉ ሲሻር፣ በሕጉ የተቀጣውን ሰው ፈልጎ ይቅርታ የጠየቀ አላየሁም።