የሠርኬ እጅ በእትዬ ሙሉነሽ ትከሻ ላይ

ከመሳለሚያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የቆርቆሮ ሳጥን ከሚቀጠቅጡት ሰዎች ጀርባ አንዲት ማተሚያ ቤት ነበረች። ማተሚያ ቤት ማለት ይበዛባታል። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ባለቀለም ፕሪንተርና አንድ አሮጌ ስካነር የያዘች፣ ሦስት ሰው ከቆመባት የምትሞላ ክፍል ነበረች። ባለቤቱ ጋሼ ሀምዳን በሩ አጠገብ ተቀምጠው ደንበኛ ይቀበላሉ። ከውስጥ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ የምትሠራው ሠርኬ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው።

እዚያ የሄድኩት የጓደኛዬን የሠርግ ካርድ ላሠራ ነበር። ካርዱ አልቆም መመላለሴን አልተውኩም፤ ሠርኬ ከሥራ በኋላ የምትሠራውን ነገር አንድ ቀን አየሁና እግሬ እንቢ አለኝ።

የዚያን ቀን ደንበኛው ተሸኝቶ፣ ጋሼ ሀምዳን ለሶላት ወጣ ብለው ነበር። ሠርኬ ከቦርሳዋ አንዲት ቀይ የጨርቅ ቁራጭ አወጣች። ጣት አታህልም፤ ከመርካቶ ልብስ ሰፊዎች እግር ሥር የለቀመቻት ናት። ስካነሩ ላይ አስተኝታ ክዳኑን ዘጋችው። ብርሃኑ ከሥር እየተንሸራተተ አለፈ። ወዲያው ያቺ ቁራጭ ስክሪኑን ሞላችው፤ ክሯ ገመድ አክሏል፣ በክርና በክር መሀል ያለው ክፍተት ሳይቀር ቤት ያለበት ይመስላል። መርካቶን ስንት ጊዜ ረግጫታለሁ፣ ምን እየረገጥኩ እንደነበር ግን አላውቅም።

ሠርኬ እንዲህ ያለ ነገር ትሰበስባለች። የሲባጎ ጫፍ፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን ጠርዝ፣ ግማሹ የተሰበረ የኮት ቁልፍ፣ መስከረም ላይ ያደረቀችው አደይ አበባ። ሁሉንም በስካነር ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባና በፎቶሾፕ እየቆረጠች፣ እየደራረበች ካርድ ትሠራለች። ለሥራ አይደለም። ጋሼ ሀምዳን ኮምፒውተሩን ፈቅደውላታል፤ ቀለሙ ግን የደንበኛ ነው ብላ ራሷ አታትምም። ካርዶቹ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣሉ።

ለማን እንደምትሠራቸው ጠየቅኳት። አንዱ ለበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ነው። ሌላው አውቶቡስ ተራ ላይ ላየቻት ልጅ ነው፤ ከገጠር የመጣች፣ የሻንጣዋ እጀታ ተበጥሶባት በሁለት እጇ አቅፋው የቆመች ልጅ። የልጅቷን ስም አታውቅም። ካርዱ ላይ በሲባጎ የታሰረች ሻንጣ አድርጋ፣ ከሥሯ «እንኳን ደህና ገባሽ» ብላ ጽፋለች። ሠርኬ ራሷ ከጉራጌ አገር፣ ከጉመር ስትመጣ ደህና ገባሽ ያላት ሰው ነበር ወይ ብዬ መጠየቅ አማረኝ። አልጠየቅኩም።

ቀን የምትሠራው ሌላ ነው። ግማሹ የሠርግ ካርድ ሲሆን ግማሹ የሟች ፎቶ ነው። ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት የሚያሠሩ ዘመዶች ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ሟቹ ለብቻው የተነሳው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ በሰው ሠርግ ወይም በሰው ክርስትና ላይ፣ በጎረቤት መሀል ቆሞ ነው የሚገኘው። ሠርኬ ከጎረቤቶቹ መሀል ቆርጣ ታወጣዋለች፣ ፊቱን ታጸዳለች፣ ከኋላው ሰማያዊ ሰማይና ነጭ ደመና ታደርግለታለች፣ ከታች ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ትጽፋለች። መርካቶ ውስጥ በዚህ የሚስተካከላት የለም ይባላል። ቤተሰቡ ሲያየው ያለቅሳል፤ ሠርኬም ሥራዋ ማማሩን የምታውቀው በዚያ ነው።

የምትኖረው ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ በአንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ክፍሏ ከእትዬ ሙሉነሽ ክፍል ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ትጋራለች። እትዬ ሙሉነሽ የድግስ ወጥ ሠሪ ነበሩ፤ በሰፈሩ ያለ እሳቸው ጭልፋ የተዳረ ሰው የለም። ሠርኬ አምሽታ ገብታ በሯን ስትዘጋ፣ እሳቸው ግድግዳውን በጣታቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጋሉ።

«ገባሽ?»

«ገባሁ፣ እትዬ።»

«በይ እደሪ።»

ይኸው ነው። ብዙ ቀን ሠርኬ ከሥራ ወጥታ ከሰው ጋር የምትለዋወጠው ቃል ከዚህ አያልፍም። እሷ ስትነግረኝ እንደ ትልቅ ነገር አልነገረችኝም። እኔ ግን ማታ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አስቤው ደነገጥኩ፤ አንድ ሰው በዚህች ከተማ ውስጥ በሁለት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ሊኖር ይችላል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ እትዬ ሙሉነሽን ደረታቸውን ያዛቸው። ሳላቸው በግድግዳው በኩል ይሰማል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትንሽ ሲሻላቸው፣ ሠርኬ ለእንቁጣጣሽ ካርድ ልትሠራላቸው ወሰነች። ይኼኛው ይታተማል፤ ጋሼ ሀምዳንንም ቀለም አስፈቀደች። የእትዬ ሙሉነሽ ፎቶ በስልኳ ውስጥ ነበራት። በጎረቤት ልጅ ሠርግ ላይ፣ ከሌሎች ወጥ ሠሪዎች ጋር ድስቶቹ አጠገብ ቆመው ያነሳቻቸው ነው።

ምሽት እየጠበቀች ሠራችው። ከሴቶቹ መሀል ቆርጣ አወጣቻቸው። ጭልፋውን ከእጃቸው አጠፋች። የፊታቸውን መስመር አለሰለሰች፣ የነጠላቸውን ጥላሸት አጸዳች። ከኋላቸው ሰማይ አደረገች፤ የዝናብ ሳይሆን ደህና ሰማይ፣ ነጭ ደመና ያለው። ከታች የደረቀውን አደይ ደረደረች፤ «ሙሉነሽ ወልደ ሰንበት» ብላ በወርቅማ ፊደል ጻፈች፤ ከስማቸው ሥር በግዕዝ ቁጥር ዘመኑን አደረገች፤ ፳፻፬። «እንኳን አደረሰዎ» የሚለው ከጀርባው ነው። በበዓሉ ጠዋት በበራቸው ሥር አሾልካ አስገባችውና፣ ክፍሏ ገብታ ግድግዳው እስኪንኳኳ ጠበቀች።

ግድግዳው ዝም አለ። ድምፅ የሰማችው ከውጭ፣ ከግቢው ቧንቧ ዘንድ ነው፤ በሯን ከፈተች። እትዬ ሙሉነሽ ካርዱን ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው አውቶቡስ ተራ ጭነት የሚጭነው ደመቀ፣ ምላሱ የማያርፈው ጎረቤታቸው፣ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ያያል።

«ውይ እትዬ ሙሉነሽ፣ መቼ አረፉ?» አለ። «እኛ ጎረቤቶችዎ ሳንሰማ? ድንኳኑን ልሂድና ላምጣ መሰለኝ።»

ቧንቧው ዘንድ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ሙሉነሽ አልሳቁም። ካርዱን አጥፈው ነጠላቸው ሥር ከተቱትና ገቡ። ያን ጊዜ ነው ሠርኬ፣ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ምን እንደሠራች የገባት። ሰማዩ፣ ደመናው፣ ለብቻ መቆሙ፣ ስሙ፣ ከሥሩ ዘመኑ። ለሟች የምታደርገውን አንድም ሳታስቀር በሕይወት ላሉ ሴት አድርጋለች።

ማታ ገብታ በሯን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ዘጋች። ግድግዳው ዝም አለ። በማግስቱም እንዲሁ። ሳሉ ግን ይሰማል፤ ጋቢ አፍ ላይ ተይዞ እንደሚሳል፣ የታፈነ ሆኖ። ሠርኬ በዚያ ሰሞን ካርድ አልሠራችም። ማታ ወደ ቤት ላለመሄድ ብቻ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጥ እንደነበር ጋሼ ሀምዳን ነግረውኛል።

መስቀል ሲቃረብ በራቸውን አንኳኳች። እትዬ ሙሉነሽ ምስር ይለቅማሉ። ተቀመጪ አላሏትም።

«ክረምቱን ሙሉ ሳሌን ስትሰሚ ከረምሽ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አትተርፍም ብለሽ ነው?»

«እትዬ፣ አሳምሬ መሥራት የምችለው እሱን ስለሆነ ነው» አለች ሠርኬ። «ከእሱ የሚበልጥ የሚያምር ነገር አላውቅም።»

እትዬ ሙሉነሽ እጃቸውን ከምስሩ ውስጥ አወጡ። ከዚያ ካርዱን ከፍራሻቸው ሥር አወጡት። አልቀደዱትም ነበር።

«ከሴቶቹ መሀል ምን ሆኜ አወጣሽኝ? ጭልፋዬንስ የት አደረግሽው?» ካርዱን ዘረጉላት። «አንቺስ? ያን ቀን አብረሽን ነበርሽ። የታለሽ?»

«ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። አንሺ አይነሳም።»

ምስሩን ወደ መልቀም ተመለሱ።

ሠርኬ በማግስቱ ፎቶውን እንደገና ከፈተችው። ሴቶቹን ወደየቦታቸው መለሰች። ጭልፋውን መለሰች። ጥላሸቱን፣ የግንባሩን መስመር፣ የድስቱን እንፋሎት፣ ከኋላ የተንጋደደውን የቆርቆሮ አጥር፣ ሁሉንም መለሰች። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ፤ ከእትዬ ሙሉነሽ በስተግራ፣ ፎቶውን ስታነሳ እሷ ብትገባ ትቆምበት የነበረው። ራሷን ፍለጋ ገባች። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የመርካቶ ሙሽራና ሟች በሙሉ አለ። የሠርኬ ፎቶ የለም። ስልኳም ውስጥ የለም። መታወቂያዋ ላይ ያለው ፎቶ ማኅተም ተረግጦበት ዓይኗ ጠፍቷል።

መብራት ሄደና በጨለማው ተቀመጠች። ሲመለስ፣ የስካነሩን ክዳን አነሳችና የገዛ እጇን አስተኛችበት።

ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም። እኔ ነኝ መስታወቱ እንዴት ቀዝቅዟት እንደነበር፣ ያ ብርሃን በጣቶቿ ሥር ሲያልፍ ምን እንደተሰማት እየጠየቅኩ ያስቸገርኳት። እንደ ጨርቋ ቁራጭ፣ እንደ አደዩ፣ እንደ ተሰበረው ቁልፍ፣ እጇ ስክሪኑን ሞላችው። በጥፍሮቿ ዙሪያ ቀለም አለ፤ በአውራ ጣቷ ላይ የወረቀት መቁረጫው የተወው ጠባሳ። ቆረጠቻት፣ አሳነሰቻት፣ ጥላ አደረገችላትና በእትዬ ሙሉነሽ ግራ ትከሻ ላይ አስቀመጠቻት።

ካርዱን በበር ሥር አላስገባችውም፤ በእጇ ሰጠች። እትዬ ሙሉነሽ ወደ ብርሃን ጠጋ ብለው አዩት። ሴቶቹን አንድ በአንድ በስም ጠሩ። ከዚያ ትከሻቸው ላይ ደረሱ።

«ይቺ እጅ የማን ናት?»

«የእኔ።»

የሠርኬን አውራ ጣት ያዙና ከካርዱ ጋር አስተያዩት። «ሌላው ሰውነትሽስ?»

«ፎቶ የለኝም፣ እትዬ።»

እትዬ ሙሉነሽ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ታክሲ አጥቶ ነው በይኛ» አሉ። «እጅሽ ቀድማ መጣች።»

ያን ማታ ግድግዳው ተንኳኳ።

ዓመቱ ሳያልቅ ለእትዬ ሙሉነሽ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው፤ ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ። ዕቃውን መኪና ላይ የጫነው ደመቀ ነው። ድስቶቹ ተደራርበው ታሰሩ፤ ካርዱን ግን እትዬ ሙሉነሽ በነጠላቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። ሲሄዱ ለሠርኬ የቀረውን ሰውነቷን ይዛ እንድትመጣ ነገሯት። እሷም እሑድ እመጣለሁ አለች። እሑድ ልብስ ታጥባለች፤ ከዚያ ይመሻል። እስካሁን አልሄደችም። ለምን እንደሆነ ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ጀሞ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን ካርድ ያየ እንግዳ ሁሉ ስለ እጂቱ ይጠይቃል አሉ። እትዬ ሙሉነሽም ባለቤቷ መንገድ ላይ መሆኗን ይናገራሉ።

የእሳቸውን ክፍል አንድ ነጋዴ ለዕቃ ማስቀመጫ ያዘው። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ አሁን ያለው ካርቶን ነው።

ባለፈው ወደ ማታ ላይ ስሄድ ሠርኬ ስክሪኑ ላይ ደረጃ ትሠራ ነበር፤ እያንዳንዷ ደረጃ ከአንድ የጨርቅ ቁራጭ ተቆርጣለች። አራት ፎቅ እንደሚደርስ ነገረችኝ፤ ገና ሁለተኛው ላይ ናት። ጠረጴዛው ላይ ስልኳ አንድ ጊዜ ጠራና ተቋረጠ።

መልሰሽ ደውይ እንጂ አልኳት። ፈገግ አለች። እትዬ ሙሉነሽ በየምሽቱ እንዲህ ሚስኮል ያደርጋሉ። አልተነጋገሩበትም፤ ጀሞ በገቡ በመጀመሪያው ማታ ስልኩ አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሠርኬ ወዲያው ገባት። እሷም በተራዋ አንድ ጊዜ ታስጠራና ትዘጋለች። ገባሽ፤ ገባሁ።

«ታዲያ መልሺላቸዋ።»

«አልገባሁማ» አለች።

ደረጃውን እንደ ተጋመሰ አስቀምጣ ኮምፒውተሩን ዘጋችው። ቦርሳዋን አነሳች፣ ጋሼ ሀምዳንን ደህና እደሩ አለች። ከበሩ ሆኜ አየኋት፤ በተጫኑ ጋሪዎች መሀል፣ ስልኳን በዚያች አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳ ባለባት እጇ እንደያዘች፣ እየተሽሎከለከች፣ እየፈጠነች ወደ ሶማሌ ተራ ታጠፈች።