የሽማግሌዬ ጆሮ ጋልቨስተን ላይ

ወዳጅ ዘመዶቼ፣ ከባድ ዜና ስላለኝ ተቀመጡ። ነገ ፕሌኖ ለሽምግልና ሄደው ሰብለን የሚጠይቁልኝን ጋሼ ወርቁን ዛሬ ጋልቨስተን ባሕር ዳር በመንጠቆ አጠመድኳቸው። ጆሯቸውን!

ዝንብ እንድትመስል በላባ የተሠራችው መንጠቆዬ ቀላል ስለሆነች ብቻዋን ርቃ አትወረወርም። ሶ፣ ክብደት እንዲሆናት ውሃ የተሞላች ትንሽዬ የፕላስቲክ ኳስ አስሬላት ወደ ኋላ ሳወዛውዝ ነፋሱ ወደ ጋሼ ወሰዳት።

«ጋሼ፣ ጎንበስ ይበሉ!» ብዬ ጮህኩ።

«አሁንስ አታሞኘኝም!» ብለው ጭራሽ ቀጥ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ «ሻርክ!» እያልኩ አስሩጫቸዋለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

ጆሯቸው ላይ የተሰካችውን መንጠቆ ጫፏን በፒንሳ ቆርጬ አወጣሁላቸው። ከዚያ ሌዊስቪል ቤታቸው ድረስ አምስት ሰዓት ሙሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ነዳሁ። ሰብለ በቢፐር ደጋግማ ጠራችኝ። ደውዬ ምን ልበላት? ሰርጌን በልቤ ቀብሬዋለሁ።

በራቸው ላይ ስንደርስ «ለአባቷ ‹ቁም ነገረኛ ነው› ብዬ ልማልልህ?» አሉኝ።

ወርጄ የመኪናውን በር ከፈትኩላቸው።

«በል ነገ ዘጠኝ ሰዓት መጥተህ ፒክ አድርገኝ። ደግሞ እንዳታረፍድ!» ብለው ገቡ።

እናንተስ ሽማግሌያችሁን አቁስላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ። ጋሼ ጆሮ ላይ ያለችው ቁስል እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የትንኝ ንክሻ አታህልም።