ደጃፍ የደንበኞቻችንን ስም ያወጣበት ሳምንት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የተጀመረው በመርፌ ነው። እትዬ ፀሐይ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ፌርማታው ጋ፣ ከታክሲ ሲወረድ በግራ በኩል ካለው ሕንፃ ሥር የልብስ ስፌት ቤት አላቸው። እኔን የቀጠሩኝ የሱቁን ስልክና ፔጅ እንድይዝ ነው። ስገባ ግን መርፌና ክር ሰጡኝና «ይህን ቁልፍ ትከይ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ለፔጁ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ቁልፍ መትከል የማታውቅ ልጅ ቀሚስ ፎቶ ብታነሳ ምኑን ታሳያለች?»

ሁለት ጊዜ ጣቴን ወግቼ ተከልኩት። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ሆኖኛል። የሥራ ዘመን ትዝታዬን ልጽፍ ነው ስል ቆራጫችን ጋሽ ሸምሱ መቀሳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። «ሁለት ዓመት ዘመን ከተባለ የኔ ሠላሳ ዓመት ምን ሊባል ነው?» አሉ። እኔ መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ ደስታዬን አልችለውም፤ ንዴቴንም አልችለውም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚወጡት። የምጽፈው እንደኔ የሱቅ ፔጅ ለምትይዙ ልጆች ነው፤ እናንተ ይገባችኋል።

ሥራው እንዲህ ነው። ተሰፍቶ ያለቀውን ልብስ ተኩሼ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቷን አለብሳታለሁ። በጠዋት ብርሃን በር ላይ አውጥቼ ፎቶ አነሳለሁ፤ ውስጥ ያለው መብራት ነጩን ጨርቅ ሰማያዊ ያስመስለዋል። ከዚያ ሦስቱም ኔትወርኮች ላይ እለጥፋለሁ። የሚጠይቀውን እመልሳለሁ፣ ለልኬት ቀጠሮ እይዛለሁ።

ሦስቱን ነባር ኔትወርኮች እኛ ሱቅ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። እትዬ ፀሐይ በመልካቸው ነው ስም ያወጡላቸው፦ ሰማያዊው፣ አውሮፕላኑ፣ ዳንኪራው። ሰማያዊው የእናቶች ነው፤ ዋጋው ከላይ ተጽፎ እያለ ከሥር «ዋጋ?» ይሉሻል። አውሮፕላኑ የሥራ ነው፤ ትዕዛዝና ቀጠሮ በእሱ ይሄዳል፣ ተሳስተሽ የላክሽውን ከአንቺም ከደንበኛሽም ስልክ ታጠፊዋለሽ። ዳንኪራው ብዙ ሕዝብ ያመጣል፤ ግን ከጎንደር «እህቴ እንዴት ላግኘው?» ያለሽ ሰው ለልኬት ዓለም ባንክ ድረስ አይመጣም። ሦስቱም ያስቸግራሉ። ግን እንዴት እንደሚያስቸግሩ ታውቂያለሽ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ናቲ የሚባል ልጅ ቢጫ ቲሸርት ለብሶ መጣ። ደረቱ ላይ «ደጃፍ» ይላል። አዲስ የተከፈተ ማኅበራዊ ኔትወርክ ነው፤ እሱ ደግሞ በየሱቁ እየዞረ ያስመዘግባል።

«እትዬ፣ እነዚያ ሦስቱ ለዓለም ናቸው፤ የእኛ ለሰፈር ነው። ደጃፍ አስኮን ከዓለም ባንክ ለይቶ ያውቃል!»

«ታክሲውም ለይቶ ያውቃል» አሉ ጋሽ ሸምሱ ቀና ሳይሉ።

ናቲ አልተበገረም። በትንሽ ዳታ እንደሚሠራ አሳየን፤ እውነት ነበር። አማርኛው ቀጥ ያለ ነው፣ ፎቶ አያደበዝዝም፣ ቀሚሱን የሚያዩት ታክሲ ሳይቀይሩ ሊመጡ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ የምናደደው።

ያን ሰሞን አንድ ትልቅ ሥራ ለማግኘት ጫፍ ላይ ደርሰን ነበር። እህት ሰላማዊት የምትባል የአንድ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ኳየር መሪ ለዓመታዊ ኮንፈረንሳቸው የእህቶቹን ቀሚስና የወንድሞቹን ሸሚዝ በሙሉ እኛ ጋ ልታሰፋ ታስባለች። ናሙና ሰፍተንላት ኮሌታውን ሦስቴ አስቀይራናለች። ቅዳሜ ከኳየሩ ጋር መጥታ ልትወስን ነው። እትዬ ፀሐይ ለብቻዬ ጠርተው ነገሩኝ፦ «ይህ ሥራ ከገባ ክረምቱን ሙሉ ትሠሪያለሽ። ካልገባ ግን አላታልልሽም ልጄ፣ አንቺን የማቆይበት ሥራ የለኝም።»

አሁን የደንበኛ ስም እንዴት እንደምንመዘግብ ልንገራችሁ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስልካችን ላይ ብዙ ሃና፣ ብዙ ትዕግስት አለ። ስለዚህ ጋሽ ሸምሱ ሰውን በልኬቱ ያስመዘግቡናል። አንድ ትከሻዋ ዝቅ ያለው «ሃና ትከሻ» ናት። «ትዕግስት አጭር ወገብ» አለች። ለአንድ ቀሚስ የሁለት ሰው ጨርቅ የሚፈጁት «ወይዘሮ ብርሃኔ እጥፍ ጨርቅ» ናቸው። ስድብ አይደለም፣ ሥራ ነው። ስልኩ ሲጮህ ስሙን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ጋሽ ሸምሱ መቀሱን ሳያስቀምጡ «የግራውን አንድ ጣት ዝቅ» ይላሉ። ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ስም ግን ልኬት አልነበረም። ከሦስተኛው ኮሌታ በኋላ እትዬ ፀሐይ ስልኩን ከእጄ ወስደው በገዛ ጣታቸው ጻፉት፦ «ሰላማዊት ኳየር ነዝናዛ»።

ናቲ አጠገቤ ቆሞ ደጃፍን ስጭን «የስልክ ማውጫዎን እንድናይ ይፍቀዱ» የሚል መጣ።

«ምን ያደርግበታል?» አልኩት።

«ደንበኞቻችሁን ያገኝላችኋላ! ሁሉም አፕ ይጠይቃል እኮ፣ አዲስ ነገር አደረግሽው።»

እውነቱን ነው፣ ሁሉም ይጠይቃል። ነባሮቹም ጠይቀውኝ ፈቅጃለሁ። እኔ ማንን ምን ብዬ እንደመዘገብኩ ግን ለባለቤቱ ሄደው አልነገሩብኝም። ፈቀድኩ።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የደወሉት ወይዘሮ ብርሃኔ ናቸው። ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

«ቤዛ፣ እጥፍ ጨርቅ ማለት ማን ናት?»

ደጃፍን ከፈትኩት። ደጃፍ ለሁሉም ደንበኛ መልእክት ልኳል፤ «ሰላም» ብሎ፣ ከዚያ እኛ የመዘገብነውን ስም እንዳለ ጽፎ፣ «ፀሐይ ልብስ ስፌት ደጃፍ ላይ ትጠብቅሻለች» ይላል። በዚያ አላበቃም። ገጻችን ላይ «ደንበኞቻችን» በሚል ርዕስ ስሞቹን በሙሉ ደርድሯቸዋል። ሃና ትከሻ፣ ትዕግስት አጭር ወገብ… የሰፈር ሰው ሁሉ እንዲያየው! ለሰፈር ነው ብለውን የለ?

ከረፋዱ ላይ እህት ሰላማዊት ሁለት የኳየር ልጆች አስከትላ ገባች። ሰላምታ ሳትሰጥ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እትዬ ፀሐይ፣ ይህን ያንብቡልኝ።»

አነበቡ። «ውይ በሞትኩት!» አሉ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ። «ይቺ ናት! ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት። ልጅ አይደለች? የዛሬ ልጅ አፉንም እጁንም አይሰበስብም።»

እህት ሰላማዊት ዞራ አየችኝ። «አንቺ ነሽ?»

እትዬ ፀሐይን አየኋቸው። የተስተካከለ ጨርቅ ያስተካክላሉ። ጋሽ ሸምሱ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ክረምቱ ታየኝ፣ ሥራዬ ታየኝ።

«ይቅርታ» አልኩ።

«ቅዳሜ ልንመጣ ነበር። አንመጣም» ብላ ወጣች።

ላላደረግሁት ነገር የጠየቅሁት ይቅርታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ናቲ ጋ ደወልኩ። «ገጻችንን ዝጋልኝ፣ አሁኑኑ!»

«ቤዚዬ፣ ምን ሆንሽ? የእኛ ከነዚያ የሚለየው እኮ ግልጽነቱ ነው።»

«ግልጽነትህን እዚያው! መዝጊያው የት ነው?»

«መዝጊያው… እሱ ገና አልተሠራም። በሚቀጥለው ማሻሻያ እናወጣዋለን።»

«መግቢያውን ሠርታችሁ መውጫውን ሳትሠሩ ነው የከፈታችሁት?»

«አዲስ ነን እኮ፣ ታገሡን እንጂ።»

አልታገሥኩም። አድራሻቸውን ይዤ በሁለት ታክሲ አስኮ ሄድኩ። አንድ ክፍል ቢሮ ነው፣ ተቆልፏል። በሩ ላይ ትልቅ ቢጫ ባነር «እንሰማዎታለን» ይላል። ዘበኛው «ሥልጠና ሄደዋል» አሉኝ። «ማንን ነው የሚያሠለጥኑት?» ስላቸው «እኔ በር ነው የምጠብቀው ልጄ፣ ለኔም ቲሸርት ሰጥተውኛል» አሉ። በንዴቴ ላይ ሳቄ መጣ፤ ያም አናደደኝ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ፣ የስልኩ ማውጫ ውስጥ ገብቼ «ሃና ትከሻ» የሚለውን «ሃና ታደሰ» አልኩት። ደጃፍን ከፍቼ አየሁ። እዚያም ሃና ታደሰ ሆናለች! ስሙን የሚያነበው ከእኛ ማውጫ ነዋ። ማጥፋት ባንችል መቀየር እንችላለን።

ከፌርማታው እየሮጥኩ ገባሁ። በሩን ገርበብ አደረግን። እኔ ስሙን አነባለሁ፣ ጋሽ ሸምሱ የልኬት ደብተራቸውን እየገለጡ የአባት ስም ይነግሩኛል፣ እኔ እቀይራለሁ።

«ትከሻዋ ከጠፋብኝ ግን ቀሚሷን አንቺ ነሽ የምትለብሺው» ይላሉ እያጉረመረሙ።

«ትከሻዋን ደብተሩ ላይ ይጻፉት፣ ጋሼ። ስልኩ ላይ ሰው ነው የሚጻፈው።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ወይዘሮ ብርሃኔ ሆኑ። ትዕግስት ወገቧ ተመለሰላት። ከዚያ «ሰላማዊት ኳየር ነዝናዛ» ላይ ደረስኩ። ስልኩን አስቀመጥኩት።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ እትዬ ፀሐይ።

«ይህን እኔ አልቀይረውም።»

«ለምን?»

«የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

የጋሽ ሸምሱ መቀስ ቀጥ አለ። እኔ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ። «ልጅ ናት ብለው አሳልፈው ሰጡኝ። እሺ፣ ልጅ ነኝ። ግን አልጻፍኩትም!»

«ታዲያ ምን ልበላት? እኔ ነኝ ብላት ኖሮ ሥራውን ትሰጠን ነበር?»

«እኔ ይቅርታ ብያትስ መች ሰጠችን?»

ጋሽ ሸምሱ ሳል አደረጋቸው። «ፀሐይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ደውዪላት።»

እትዬ ፀሐይ ስልኩን ወሰዱ። ፊደሉን በአንድ ጣት እየፈለጉ «እህት ሰላማዊት» ብለው ጻፉ። ከዚያ ደወሉ። ሁሌም በስፒከር ነው የሚያወሩት፣ ሁላችንም እንሰማለን።

«እህት ሰላማዊት፣ ያን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አይደለችም። ይቅር በዪኝ።»

እሷም መለሰች፦ «አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ለኮሌታው ሦስቴ ስመጣ፣ ሦስቴም ወንበር ያመጣችልኝ ልጅቷ ናት። እርስዎ አንድ ቀን ተቀመጪ ብለውኝ አያውቁም። ደግሞ እኔም ልንገርዎት፣ እኔ ስልክ ላይ እርስዎ ‹ፀሐይ ነገ ነይ› ነዎት። ቀጠሮዬ በደረሰ ቁጥር ነገ ነይ ስለሚሉኝ።»

ጋሽ ሸምሱ ሳቁ። መቀሱን አስቀምጠው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ነው የሳቁት። እትዬ ፀሐይ ግን ፊታቸው ቀላ።

የወንድሞቹን ሸሚዝ ለሌላ ልብስ ሰፊ ሰጥታዋለች፤ ከእኛ ወጥታ በቀጥታ አስኮ ነው የሄደችው። ያ ሥራ አልተመለሰም። የእህቶቹን ቀሚስ ኳየሩን አማክሬ እነግርዎታለሁ አለች። በማግስቱ አውሮፕላኑ ላይ ጻፈችልኝ፦ ቀሚሱ የእናንተ ነው፤ ግን የሚያልቅበት ቀን በኳየሩ ግሩፕ ውስጥ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጻፍ፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ጻፍኩት። እትዬ ፀሐይም «ነገ ነይ» ሳይሉ አደረሱት። ኮሌታውን ለአራተኛ ጊዜ ስታስቀይረን ማንም ስሟን ሊቀይር ስልክ አላነሳም።

ክረምቱን እየሠራሁ ነው። እትዬ ፀሐይ እኔን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቁኝም። እህት ሰላማዊትን የጠየቁት ስፒከር ላይ ነው፣ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፣ በዚያው የተካተትኩ መስሏቸዋል። አልተካተትኩም። ይህን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ናቲ ብቅ ብሎ ነበር። «መዝጊያው መጣ!» አለኝ እንደ ብሥራት። እሱ እንኳን ሊቀመጥ፣ በሩን ሳያልፍ ገጻችንን ዘጋሁት። ወይዘሮ ብርሃኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልመጡም፤ እሳቸውን የሚመልስ ቁልፍ ደጃፍም የለውም፣ ሰማያዊውም የለውም።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው። ደንበኛሽን ፊቷ ላይ በምትጠሪያት ስም መዝግቢ፤ ልኬቷን ደብተር ላይ ጻፊ። አዲስ ኔትወርክ ሲመጣ ከመግቢያው በፊት መዝጊያውን ፈልጊ። ከሌለው ቲሸርቱን ተቀብለሽ ሸኚው።